አላውቀውም ያልኩ ዕለት

ባለፈው መስከረም የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት አዲስ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ መሀሉን ከፍታ አፍንጫዋን ቀበረችበትና «እማማ፣ አሽትቺው» ብላ ዘረጋችልኝ። አሸተትኩት። የማተሚያ ቀለም፣ ሙጫ፣ እጅ ያልነካው ወረቀት። ልጅቱ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ይሸታል እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ደስ ይላል» አልኳትና ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አንቺ ከማድ ቤት ሆነሽ አይተሽኛል። ማታ ምን ሆነው ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ ራሴን አሞኝ ነው አልኩሽ። ራሴን አላመመኝም ነበር። ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ነው፤ ልጄም፣ ባልሽ፣ አያውቀውም። ዛሬ ቤቱ ጭር ብሏልና ተቀመጪ፣ ልንገርሽ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ወለንጪቲ ነበር። ጠላት ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። አባቴ ከቡልጋ ወርዶ የባቡር ሥራ የገባ፣ የሃዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ቤታችን ከጣቢያው ጀርባ፣ ባቡሩ ውሃ ከሚቀዳበት ትልቅ በርሜል አጠገብ ነበረች። በርሜሉ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ መቼም ደርቆ አያውቅም። እኩለ ቀን ላይ አገሩ ሁሉ በሙቀት ሲርገበገብ የእኛ ሰፈር ብቻ እርጥብ አሸዋና የከሰል ጢስ ይሸት ነበር። ዛሬም ዓይኔን ብጨፍን ይመጣልኛል።

አባቴ ለወንድሜ ፊደል የሚያስቆጥሩ ደብተራ ቀጥሮ ነበር። ወንድሜ ከፊደሉ ይልቅ ወፍ ማባረር ነበር የሚወደው። እኔ ከጓዳ ዱቄት እየነፋሁ እሰማለሁ። በዓመቱ ወንድሜ ያላወቀውን እኔ አወቅሁት። ደብተራው ለአባቴ ሲነግሩት ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ሳቀና «እንግዲህ ደብዳቤ የሚያነብልኝ ሰው ከቤቴ ተገኘ» አለ። ከዚያ ወዲያ በጣቢያው ሰፈር ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ ወደ እኛ በረንዳ ይመጣ ጀመር። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ትልልቅ ሰዎች ፊቴ ቁጭ ብለው አፌን ሲጠብቁ እኮራ ነበር፤ መጠን የሌለው ኩራት ነበረኝ። ይህንን አስቀድሜ የምነግርሽ የኋላው ነገር ከዚህ ስለመጣ ነው።

ከሚመጡት ሰዎች አንዱ ከቦሰት ተራራ ግርጌ የሚያርሱ ሽማግሌ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ትከሻቸው ድረስ የሚደርስ የሚመስል ሰው። ኦሮሞ ናቸው፤ አማርኛቸው እየተሰበረ ነበር የሚወጣው። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከእሳቸው አማርኛ የባሰ ስለነበር ግማሹን በዚያ ግማሹን በዚህ እንግባባለን። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ አዲስ አበባ ሄዶ ማተሚያ ቤት ተቀጥሯል። አልፎ አልፎ ይጽፍላቸዋል፤ እኔ አነብላቸዋለሁ።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ልጁ ሳያገባ ልጅ እንደወለደና ሕፃኑ እንደሞተበት የሚናገረው ቦታ ላይ ደረስኩ። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ማቆም አላወቅሁበትም። ድምፄን እንኳ አልቀነስኩም። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብለው፣

«ልጄ ለእኔ የነገረኝን አገር ሰማው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «አስተምሪኝ። እኔ ራሴ ላንብበው።»

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። በገበያ ቀን ገበያቸውን ጨርሰው ይመጣሉ። ከበርሜሉ ሥር ባለው እርጥብ አሸዋ ላይ እኔ በጣቴ እጽፋለሁ፣ እሳቸው በበትራቸው ጫፍ ይከተላሉ። ወተት በቅል ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ባርሲስቱ» ይሉኝ ነበር፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳይ ግን ሲጠሩኝ ከወገባቸው ጎንበስ ይላሉ። እኔም ማዕረጉን ተቀበልኩት። ሲሳሳቱ ደብተራው ወንድሜን እንደሚቆጡት እቆጣቸዋለሁ።

«አባባ፣ ይህን እኮ ባለፈው ነግሬዎታለሁ።»

«አርጅቻለሁ፣ ኢንታላ ኮ፤ ልጄ፣ ታገሺኝ» ይላሉ፤ አሸዋውን በመዳፋቸው አብሰው እንደገና ይጀምራሉ። ያ እጅ ስንት ዓመት እርፍ ጨብጦ የኖረ እጅ ነው። «ሐ»ን ሲጽፉ በትሩንም እንደ እርፍ አጥብቀው ይጨብጡት ነበር።

ክረምቱ አልፎ በጋው ሲጋመስ ቃል ማንበብ ጀመሩ። ቀስ እያሉ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር እያሰሩ፣ ግን ያነቡ ነበር። አሸዋ ላይ የሚጻፍ ነገር አለቀብኝ። መጽሐፍ ያስፈልጋቸዋል። ያኔ አዳማ፣ ናዝሬት ከመባሏ በፊት፣ ከጣቢያው ወረድ ብሎ አንድ የቀድሞ ቁም ጸሐፊ መጻሕፍት ቤት ከፍተዋል ተባለ። ዕድሜያቸውን በብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው አሉ፤ የማተሚያ መኪና ሥራቸውን ሲወስድባቸው እሷው ያተመችውን መሸጥ ጀመሩ።

«እንሂድ» አሉ ሽማግሌው። «የሚሆነኝን አንቺ ታውቂያለሽ።»

አባቴ ፈቀደ። የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ ያለ ክፍያ የሚሳፈርበትን ወረቀት አስጻፈልኝና እንዳልጥለው ብሎ ለሽማግሌው ሰጣቸው። «ልጄን አደራ፣ አባባ» አላቸው። ወረቀቱን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ሁለት ጊዜ አጠበቁት።

የሄድን ዕለት አዲስ ጋቢ ለብሰው ነበር፤ ነጭ፣ ገና ያልታጠበ፣ የሸማኔው እጥፋት ያልለቀቀው። ጸጉራቸውን ቅቤ ተቀብተዋል። በሕይወታቸው ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። ፉርጎው ውስጥ የእንጨቱ አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ ባቡሩ ገና ሳይነቃነቅ ጠርዙን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ፤ ከዚያ እኔን አይተው እንደ ማፈር ብለው ሳቁና ለቀቁት።

ፊት ለፊታችን አንዲት ወጣት ሴትና ወንድሟ ተቀምጠዋል። ከድሬዳዋ የመጡ፣ በፈረንጅ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። የተሻለው ፉርጎ ሞልቶባቸው ነው መሰለኝ እኛ ጋ የተቀመጡት። ተረከዝ ያለው ጫማ፣ እጇ ላይ ጓንት፣ ባቡሩ በተነቃነቀ ቁጥር ሽቶዋ ይመጣል። ጭኗ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ተከፍቷል። እኔ በግልባጩ ሳነብ አየችኝ።

«ታነቢያለሽ እንዴ?» አለችኝና አዙራ ሰጠችኝ።

ግማሽ ገጽ ያህል ሳልደናቀፍ አነበብኩላት። በፈረንሳይኛ ለወንድሟ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ኮፍያውን ከፍ አደረገልኝ። ከረሜላ ሰጠችኝ። «እህቴ» እያለች ታጫውተኝ ጀመር። እኔን፣ በባዶ እግሯ የተሳፈረችውን፣ እህቴ አለችኝ። እግሬን አግዳሚው ሥር ደበቅሁት። ከእሷ ጋር እስከ ዓለም ዳርቻ ብሄድ ደስ ባለኝ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ሽማግሌው ፉርጎው ግድግዳ ላይ የተጻፈውን ያዩት። በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር። ጣታቸውን ቀስረው ጀመሩ።

«መ... ት... ፋ...»

ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ የሜዳ ሰው ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። እሳቸው ግን ምንም አላዩም። እያንዳንዱን ፊደል ከግድግዳው ላይ የሚነቅሉት ይመስል አንገታቸውን ወደፊት አስግገው፣ ግንባራቸው አልቦት፣ ሲሳሳቱ ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ ሄዱ። አንዱ ከኋላ በአፉ ያግዛቸው ጀመር፤ ሌላው እንደ ቆሎ ተማሪ ዜማ አወጣለት። ሳቁ ከዳር ተነስቶ መሀል ደረሰ።

«መትፋት ክልክል ነው» አሉ በመጨረሻ። ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው በርቶ ነበር። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። «ባርሲስቱ፣ አነበብኩት» አሉኝ።

ፉርጎው በሳቅ ፈረሰ። ወጣቷ ጓንቷን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ይህን ልመስክርላት። ጎንበስ ብላ «ከአንቺ ጋር ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም «አይደለም። አላውቀውም» አልኳት።

አላውቀውም። «አባባ» እያልኩ፣ «እርስዎ» እያልኩ የኖርኩትን ሰው በአንድ ቃል ከአንቱታ አወረድኳቸው። ይባስ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ከሁሉም ሳቅ ይልቅ ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ዛሬም ይሰማኛል።

ሰምተዋል። አማርኛው ከአፋቸው እየተሰበረ ይውጣ እንጂ ለመስማት ሙሉ ነበሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ወዲያው አልጠፋም፤ ግራ እንደ ተጋባ ሰው ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱና በሌላው ጥግ፣ የዶሮ ቅርጫት የያዙ ሴቶች አጠገብ ሄደው ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይቶ ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። እኔ ዘንድ ሲደርስ «ያንቺስ? ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ። ያኔ ነው ወረቀቱ ትዝ ያለኝ። ወረቀቱ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ነው። ወጣቷ እያየችኝ ነው። «ወረቀቴ... አባቴ...» እያልኩ ስንተባተብ ሽማግሌው ከጥጋቸው ተነስተው፣ በሚወዛወዘው ፉርጎ መሀል የሰው ትከሻ እየያዙ መጡ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱና ወረቀቱን ለተቆጣጣሪው ሰጡት።

«የዚህች ልጅ ነው» አሉ። «አባቷ ጣቢያ ላይ ስጥልኝ አሉኝ። እኔ አላውቃትም።»

እንዲህ ብለው ወደ ዶሮዎቹ ተመለሱ። ውሸቴን ሞሉልኝ። ከሰው ፊት እንዳልዋረድ ብለው ነው። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዕረፍት ነው። ተረፍኩ ብዬ ተነፈስኩ። ይህንን ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ።

አዳማ ስንደርስ ለወጣቷና ለወንድሟ የአጎታቸው ኦቶሞቢል ቆሞላቸው ነበር። ጥቁር፣ በሰው ተከቦ። መጻሕፍት ቤት እንደምሄድ ነግሬያት ስለነበር «ነይ እናድርስሽ፣ እኔም ደብተር እፈልጋለሁ» አለችኝ። ገባሁ። የመቀመጫው ቆዳ በፀሐይ ግሎ እግሬን ይለበልበኝ ነበር። በኋላው መስኮት ሳይ ሽማግሌው ከጣቢያው በር ላይ ቆመዋል፤ መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ በእጃቸው ግንባራቸውን ጋርደው ያያሉ። የአደራ ልጅ በሰው መኪና ስትሄድባቸው ምን ማድረግ ይችላሉ? በእግራቸው ይከተሉን ጀመር። ከዚያ አቧራው ተነሳና አላየኋቸውም።

መጻሕፍት ቤቱ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ብርሃኑ በምስማር ቀዳዳዎች ገብቶ መጻሕፍቱ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። ሽታው፣ ነገርኩሽ እኮ፣ የልጅሽ መጽሐፍ ሽታ ነው። ባለቤቱ አጭር ሰው ናቸው፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ለዘለዓለም ጠቁረው ቀርተዋል። ወጣቷ ደብተር ታማርጣለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እሷ የነካችውን እነካለሁ። ወንድሟ መኪናው ውስጥ ቀርቷል።

ሽማግሌው በሩ ላይ ሲደርሱ አላወቅኋቸውም ማለት ይቻላል። ያ ነጭ ጋቢ የመንገዱን መልክ ይዟል። ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ነበር። መኖሬን በዓይናቸው አረጋገጡና ወደ ባለቤቱ ዞሩ።

«ምን ፈልገው ነው፣ አባቴ?» አሉ ቁም ጸሐፊው።

«መጽሐፍ። ፊደሉ ትልቅ ትልቅ የሆነ።»

«ለራስዎ ነው? ያነባሉ?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ተመለከቱ። ምን እየጠበቁ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። አንዲት ቃል ነበር። አዎ ያነባሉ፣ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ በበጋውም በክረምቱም አሸዋ ላይ ተቀምጠን። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ወጣቷ ጓንቷን አውልቃ ወረቀት እየዳሰሰች አጠገቤ ቆማለች። ሽቶዋ ይሸተኛል። ዓይኔን መደርደሪያው ላይ ተከልኩ።

«አይ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ አላነብም። ለሰው ነው።»

ቁም ጸሐፊው አንድ መጽሐፍ አወጡላቸው። ሳይከፍቱት፣ አቧራ ያልነካውን የጋቢያቸውን ውስጥ ፈልገው ጠቀለሉት። ወጣቷ ጉንጬን ስማኝ ሄደች። ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። መኪናው ሲነሳ እጄን አውለበለብኩ፤ እሷ ወደ ፊት ነበር የምታየው።

ወደ ጣቢያው ስንመለስ እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ነበርን። ስቆም ይቆማሉ። «አባባ፣ አብረን እንሂድ እንጂ» አልኩ ዘወር ብዬ። «ሂጂ፣ እከተላለሁ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ በሚወርደው ባቡር ስንመለስም ራቅ ብለው፣ ግን እኔን ከሚያዩበት ቦታ ተቀመጡ። ወለንጪቲ ስንደርስ አባቴ ሃዲዱ ዳር ይጠብቀን ነበር።

«አደራዎ ይኸው» አሉት።

«መጽሐፉን አገኛችሁ?»

«አገኘን። ልጅዎ ጎበዝ ናት። ባቡር ውስጥ አነበበችና ሰው ሁሉ አደነቃት።» አባቴ በደስታ ትከሻዬን ያዘ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ተሰናብተው ወደ ቦሰት መንገድ ገቡ።

ከዚያ በኋላ አልመጡም። በገበያ ቀን አሸዋውን ደልድዬ እጠብቅ ነበር። ከልጃቸው ደብዳቤ ሲመጣ ከጣቢያው ጸሐፊ ተቀብለው በቤታችን በር ሳይሆን በሃዲዱ ማዶ ያልፋሉ። እናቴ «ሽማግሌሽ የት ገቡ?» ስትለኝ «አጨዳ ላይ ናቸው» እላታለሁ። አጨዳው ካለፈ በኋላም አጨዳ ላይ ናቸው አልኳት። ሮጬ ደርሼ እግራቸው ላይ መውደቅ እችል ነበር፤ መንገዱ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። የሚመሽ፣ የሚዘንብ፣ የሚሞቅ እየመሰለኝ ዓመት አለፈ።

በዓመቱ አንድ ቀን እናቴ ጨው ግዢ ብላ ገበያ ላከችኝ። በእህል ተራ ሳልፍ አየኋቸው። ከጆንያቸው ጎን ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው ደብዳቤ ያነባሉ። ብቻቸውን። ድምፅ የለም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ጣታቸው ከመስመሩ ሥር ይሄዳል። የልጃቸውን ነገር ከልጃቸው ይሰሙ ነበር። ሰው እየገፋኝ እስኪጨርሱ ቆምኩ። ደብዳቤውን በአራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ ቀና ሲሉ አዩኝ። በትራቸውን ተደግፈው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አከም ጂርቱ?» አሉኝ፤ እንደምን ከረማችሁ ማለታቸው ነው። አባቴን ጠየቁ፣ እናቴን ጠየቁ፣ ወንድሜን ጠየቁ። የሚጠየቅ ሁሉ ሳይቀር በሥርዓቱ ጠየቁ። እኔም በተራ በተራ መለስኩ።

«ይነበባል፣ አባባ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ይነበባል። እርስዎ ያስተማሩኝ አልጠፋም» አሉኝ። «እግዜር ይስጥዎ።»

መጀመሪያ ያልሰማሁ መሰለኝ። አማርኛው ተምታቶባቸው ነው አልኩ በልቤ። «አባባ፣ ያን ዕለት ባቡር ውስጥ...» ብዬ ስጀምር መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ከፍ አደረጉ።

«ፀሐዩ በረታ» አሉ። «ይግቡ። እናትዎ ይጠብቁዎታል።»

አልተምታታባቸውም። ድምፃቸው ላይ ቂም አልነበረም፤ ለማያውቁት የሰው ልጅ የሚሰጥ ክብር ነበር። ጨዉን ሳልገዛ ወደ ቤት ሄድኩ። ከዚያ ጠላት መጣ፣ እኛም ተሰደድን፤ ስንመለስ የሉም አሉኝ።

ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ማንም እርስዎ ብሎኝ አያውቅም ነበር።